«የፈረንጅ ልብ ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «የፈረንጅ ልብ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላል። ለእኔም ከዘመድም ከሥራ ባልደረባም ደርሶኛል። አንዷ የአክስቴ ልጅ እንዲያውም ከሥሩ «አየሽ፣ ዝም ብላችሁ ነው የምታስፈራሩን» ብላ ጨምራበታለች። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። የሰው ደም ግፊት ስለካ ነው የምውለው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነገሩ በደንብ ይመለከተኛል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል፤ አንዳንድ ቦታ አስቆኛል። የሚተቸው የፍራሚንግሃምን የልብ ጥናት ነው። ለማያውቀው ሰው፦ ፍራሚንግሃም በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። ከ1948 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው) 5,209 ነዋሪዎች ለክትትል ተመዘገቡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። በየሁለት ዓመቱ እየተጠሩ ይመረመራሉ፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ ይመዘገባል። በ1971 ልጆቻቸው፣ በ2002 ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ገቡበት። ጥናቱ ዛሬም አለ። ከ3 ሺህ በላይ ጥናታዊ ጽሑፎች ወጥተውበታል።

የጸሐፊው ክርክር እንደገባኝ እንዲህ ነው። ጥናቱ የአንድ የነጮች ከተማ ታሪክ ስለሆነ ጣና ዳር ላለ ሰው አይሠራም። አያቶቻችን ቅቤ በልተው፣ ጥሬ ሥጋ ቆርጠው ዘጠና ዓመት ኖረዋል፤ ኮሌስትሮል የሚሉት ነገር ማስፈራሪያ ነው። ሃርት አታክ የሚይዛቸው ብዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ደህና ነው፤ «አጋላጭ» ማለትም መንስኤ ማለት አይደለም። ከጥናቱ ጀርባ ያሉት መድኃኒት ሻጮች ናቸው። ይኼ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ነገር የወረቀት ክምር እንጂ አንድ ፈውስ አላስገኘም። የእኛ የልብ በሽታ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከጉሮሮ ቁስል ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው ሩማቲክ ነው። በመጨረሻም፣ ሆስፒታል ባልተዳረሰበት አገር ጤነኛ ሰው እየተከታተሉ ማጥናት ቅንጦት ነው።

ከነጮቹ ከተማ ልጀምር። እዚህ ላይ ግማሹን እስማማለሁ። የመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ሁሉም ነጮች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጥቁሮችን፣ እስያውያንንና ላቲኖችን የያዘ «ኦምኒ» የተባለ ቡድን የተጨመረው በ1994 ነው፤ እሱም 500 ሰው ገደማ ብቻ። በጣም ዘግይቷል። እንዲያውም ጸሐፊው ሊጠቅሱት ይችሉ የነበረ ጠንከር ያለ ማስረጃ ልስጣቸው። በ2001 የፍራሚንግሃም የአደጋ ቀመር (አንድ ሰው በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉን የሚያሰላው) እዚያው አሜሪካ ውስጥ በሌሎች ስድስት የክትትል ጥናቶች ላይ ተፈተነ። ለነጮችም ለጥቁሮችም በደንብ ሠራ። ለጃፓን አሜሪካውያን ወንዶች፣ ለሂስፓኒክ ወንዶችና ለቀደምት አሜሪካውያን ሴቶች ግን አደጋውን አጋንኖ አሳየ።

ታዲያ ቀመሩ ተጣለ? አልተጣለም። በየማኅበረሰቡ ባለው የበሽታ መጠን ተስተካከለ፣ ከዚያ በኋላ በእነሱም ላይ ሠራ። የበሽታው መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ልብን የሚጎዱት ነገሮች ግን ያው ናቸው። ይኼን ለማየት ከፍራሚንግሃም መውጣት ይሻላል። በ2004 የወጣው ኢንተርሃርት የተባለ ጥናት ከ52 አገሮች ሃርት አታክ የያዛቸውን 15 ሺህ ገደማ ሰዎች ከዚያው ያህል ጤነኞች ጋር አነጻጽሯል። አፍሪካውያንም ነበሩበት። ሲጋራ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ውስጥ ስብ፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀት እያለ እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ ነገሮች በወንዶች 90 በመቶ፣ በሴቶች 94 በመቶ የሚሆነውን አደጋ እንደሚሸፍኑ አገኘ። ከዘጠኙ ዋና ዋናዎቹ ፍራሚንግሃም ላይ ቀድመው የታዩ ናቸው።

ለእኛ ደግሞ ዛሬ የፍራሚንግሃምን ሰንጠረዥ እንዳለ ተጠቀሙ የሚል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ሰንጠረዥ ከ85 የክትትል ጥናቶች የተሠራ ነው። ዓለምን በ21 ክልል ከፍሎ ለየክልሉ አስተካክሎታል፤ ምሥራቅ አፍሪካ ለብቻው አለ። ላብራቶሪ የማይፈልግ ዓይነትም አለው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ የላይኛው ደም ግፊት፣ ክብደትና ቁመት ካወቅህ በቃ። ሚዛንና የግፊት መለኪያ ይዞ ደቅ ደሴት ድረስ ሄዶ መሥራት ይቻላል። ጸሐፊው የሚቃወሙት ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ክርክር ነው።

አሁን ወደ አያቶቻችን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ልክ ነው!» ብሎ ያጋራው ይኼን ክፍል ነው።

ዘጠና ዓመት የኖሩትን አያት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በሠርግም በተዝካርም ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በአርባ አምስት ዓመታቸው ማሳ ላይ ወድቀው የቀሩትን ወንድማቸውን ግን ማን ያስታውሳል? «ድንገት ነው የሞተ» ይባላል፣ ያልቃል። ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው «ምች መታው» ወይም «ልክፍት ነው» ይባል ነበር። ግፊቱን የለካው የለም። የሞተበትን ምክንያት የጻፈ የለም። የኖሩትን ብቻ ቆጥሮ «ቅቤ አይጎዳም» ማለት፣ ከጣና ማዕበል የተረፈውን ታንኳ ቀዛፊ አይቶ «ሐይቁ ሰው አያሰጥምም» እንደማለት ነው። ፍራሚንግሃም ያደረገው ትልቁ ነገር ይኼን መቀልበስ ነው። ሰዎቹን ገና ጤነኛ ሳሉ መዘገበ፤ የሞተውንም የኖረውንም እኩል ቆጠረ።

ደግሞስ አያታችን ቅቤ የሚበሉት መቼ መቼ ነበር? ረቡዕና ዓርብ የለም። ዓቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት የለም። በፍስኩም ቢሆን ቅቤው ለዓመት በዓል፣ ለእንግዳና ለአራስ ይቀመጣል። ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይሸከማሉ። ባሕር ዳርን የብስክሌት ከተማ ሳለች የሚያውቃት ሰው ልዩነቱ ይገባዋል፤ አሁን ከጊዮርጊስ እስከ ገበያ ድረስ እንኳ ባጃጅ ነው የምንይዘው። የአያትን ቅቤ ይዞ የአያትን እግርና ጾም መተው ይቻላል፤ ግን እሱ የአያት ኑሮ አይደለም።

ነገር ግን ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ትክክል ናቸው፣ ይኼን መደበቅ አልፈልግም። ፍራሚንግሃም ቅቤ ገዳይ መሆኑን አላረጋገጠም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ900 በላይ ተሳታፊዎች የሚበሉት እየተመዘገበ ከኮሌስትሮላቸው ጋር ተያይቶ ነበር። ግንኙነት አልተገኘም። ውጤቱም በሳይንስ መጽሔት በወጉ ሳይወጣ በጥናቱ ሪፖርት ውስጥ ቀረ። ይኼ ያስወቅሳቸዋል። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ «ኮሌስትሮል ውሸት ነው» ማለት አይቻልም። አንድ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀራራቢ ነገር ሲበላ የምግብን ልዩነት ማየት ይከብዳል። እንጀራ በሚበላ ሰፈር መሐል ቆሞ እንጀራ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የማይበላ ጎረቤት ያስፈልጋል። ከፍራሚንግሃም በ1961 የወጣው ጽሑፍ ያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ በደሙ ውስጥ ኮሌስትሮል የበዛበት፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ለልብ በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥ። ደሙ ውስጥ እንዴት በዛ የሚለው የብቻው ጥያቄ ነው። ዘርም አለበት፣ ምግብም አለበት።

«ኮሌስትሮላቸው ደህና ሆኖ የሚታመሙ ብዙ ናቸው» የሚለውን ጸሐፊው እንደ ምሥጢር ነው ያወጡት። ምሥጢር አይደለም። ይኼን የተናገሩት የፍራሚንግሃም የቀድሞ ዳይሬክተር ዊልያም ካስቴሊ ራሳቸው ናቸው። እዚያ ከታዩት የልብ ሕመሞች ከመቶ 35 ገደማ የሚሆኑት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ200 በታች በሆነ ሰዎች ላይ ነበር። ለዚህም ነው አንድ ቁጥር ብቻ የማይታየው። ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ሲጋራው፣ ዕድሜው አብሮ ይደመራል። ጸሐፊው ጥናቱን ለማፍረስ ያመጡት ነገር የጥናቱ የራሱ ግኝት ነው።

«አጋላጭ መንስኤ አይደለም» ለሚለው ግን አክብሮት አለኝ። ልክ ናቸው፤ ሰው እየተከታተሉ ማየት ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1967 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ ውጤት ወጣ። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች ነበሩ። ለ73ቱ የግፊት መድኃኒት፣ ለ70ዎቹ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠ። ክኒኑ ብቻ ከተሰጣቸው 27ቱ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። መድኃኒት ከወሰዱት ሁለቱ ብቻ። ለኮሌስትሮልም በ1994 በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ሲምቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒቶች አንዱ) ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ፍራሚንግሃም ጠቆመ፣ እነዚህ አረጋገጡ። ጥቆማው ባይኖር ማን ይህን ሙከራ ያስብ ነበር?

ከዚያ በፊት ዓለም ምን ያምን እንደነበር ማስታወስም ያስፈልጋል። ግፊት በዕድሜ መጨመሩ ለሰውነት ይጠቅማል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኤፕሪል 1945 በስትሮክ በሞቱበት ቀን ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። ይኼ የዓለም ኃያል የተባለ ሰው ነው፣ ሐኪም ከጎኑ የማይለየው። ያን ጊዜ በእጃቸው የነበረ ደህና መድኃኒት አልነበረም፤ ቁጥሩም የሚገባውን ያህል አላስደነገጠም።

አሁንም የማያስደነግጠው ሰው አለ። ከዘጌ በጠዋት ጀልባ የመጡ አንድ አባት መድኃኒት ቤታችን ገብተው ለሚስታቸው የጨጓራ መድኃኒት ጠየቁ። «አባባ፣ እግረ መንገድዎን ግፊትዎን ልለካዎት» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምንም አያመኝ» አሉ። ጋቢያቸውን ገፋ አድርገው እጃቸውን ሰጡኝ። 190 በ110። «ማሽኑ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አሉ። ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነው፤ ከወደብ በእግራቸው ነው የመጡት። አስቀመጥኳቸው። ጀርባቸውን አስደገፍኩ፣ እግራቸውን መሬት አስረገጥኩ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ በልባቸው ትይዩ አደረግሁ፣ እንዳያወሩም ነገርኳቸው። ቆይቼ ደግሜ ስለካ 184 በ108 ሆነ። ሰውየው እውነታቸውን ነው፤ ምንም አያማቸውም። ሳያም የሚጎዳ ነገር እንዳለ በቁጥር ያሳየን ጥናት ይኼው የምንስቅበት ጥናት ነው። በ1970 ግፊት የስትሮክን አደጋ እንደሚጨምር ያሳየውም እሱ ነው።

መድኃኒት ሻጮቹን በተመለከተ ዓመቶቹን ማየት ይበቃል። ስለ ኮሌስትሮል የተጻፈው በ1961 ነው። የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1987። ሃያ ስድስት ዓመት ቀድሞ ገበያ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ካለ ትዕግሥቱን አደንቃለሁ። ጥናቱን የጀመረው የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻም ራሱ መንግሥት ሊዘጋው ነበር። ያን ጊዜ ከግል ለጋሾች ገንዘብ ተለምኖ ነው የተረፈው። ኩባንያዎች በኋላ ከግኝቱ ብዙ አትርፈዋል፣ እሱን አልክድም። ነገር ግን ጥናቱ ቀደም ብሎ ካወጣቸው ውጤቶች መካከል ሲጋራ ልብን እንደሚጎዳና እንቅስቃሴ እንደሚጠቅም የሚሉት አሉበት። ሁለቱም ምክሮች መድኃኒት ቤት አያስገቡም። እንደ ነጋዴ ካየሁት ኪሳራ ናቸው።

የወረቀት ክምር የሚለውስ? ከ3 ሺህ ጽሑፍ ውስጥ ደካማ አይጠፋም። አንዱን እኔው ልጥቀስ። በ2007 ከዚሁ ጥናት 12,067 ሰዎች መረጃ ተወስዶ ውፍረት ከጓደኛ ወደ ጓደኛ «ይጋባል» ተባለ። ዓለም ሁሉ ዘገበው። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ዓይነት ስሌት በሌላ መረጃ ላይ ሲሞክሩት ብጉርም፣ ራስ ምታትም፣ ቁመትም ከጓደኛ «የሚጋባ» ሆኖ ተገኘ። ቁመት! ስለዚህ የጽሑፍ ቁጥር ብቻ ተጠቅሶ «ታላቅ ጥናት» ሲባል እኔም አልወደውም።

ተጽዕኖው የሚለካው ግን በሌላ ነው። በአሜሪካ በልብ በሽታ የመሞት መጠን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ከ1980 እስከ 2000 የታየው ቅናሽ ከምን መጣ ተብሎ ሲሰላ፣ 47 በመቶው ከሕክምና፣ 44 በመቶው ደግሞ አጋላጭ ነገሮች በመቀነሳቸው ሆኖ ተገኘ፤ ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ስለቀነሱ ማለት ነው። ጸሐፊው «አንድ ፈውስ የለም» ሲሉ አንድ ተአምረኛ ክኒን እየፈለጉ ይመስለኛል። የዚህ ውጤት ግማሽ የሚጠጋው የመጣው ገና ካልታመመ ሰው ነው። ያልታመመ ሰው ደግሞ ድኛለሁ ብሎ አይመሰክርም።

ሩማቲክን ሲያነሱ ግን ልቤን ነኩት። እውነት ነው፣ ፍራሚንግሃም ስለዚህ የሚያስተምረን ነገር የለም ማለት ይቻላል። በልጅነት የጉሮሮ ቁስል የሚጀምረው፣ መገጣጠሚያን አልፎ የልብ ቫልቭ ላይ የሚደርሰው ይኼ በሽታ ወጣቶቻችንን ይበላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሊወጉ የሚመጡ ልጆች አሉ። መርፌው ያማል፣ ልጆቹም ያለቅሳሉ። ይኼን ጉዳይ ያነሳ ሁሉ ወዳጄ ነው።

«የእኛ የልብ በሽታ ሩማቲክ ነው፣ ግፊት የእነሱ ነው» የሚለው ግን ቁጥሩ አይደግፈውም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሰዎች የታዩበት ጥናት በ2012 ወጥቷል። ከመቶ 45ቱ በደም ግፊት የመጣ ነበር። ሩማቲክ ከመቶ 14። የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 52 ነው፤ ገና ልጅ የሚያስተምሩበት ዕድሜ። በአገራችን በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝትም ከመቶ 16 ገደማ የሚሆነው ሰው ግፊቱ ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱም በሽታዎች የእኛ ናቸው። በአንደኛው ሌላኛውን መደበቅ አያዋጣም።

በዚያ ላይ ስለ ሩማቲክ የምናውቀውስ ከየት መጣ? ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከህንድና ከየመን 3,343 ሕመምተኞችን መዝግቦ ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። የመካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 17ቱ ሞቱ። ይኼን አሰቃቂ ቁጥር ያወቅነው ተመዝግበው ክትትል ስለተደረገላቸው ነው። ጸሐፊው ለሚወዱት ጉዳይ የሚያስፈልጋቸው መሣሪያ የሚንቁት መሣሪያ ነው።

የመጨረሻው፣ «ክትትል ቅንጦት ነው» የሚለው፣ አገራችን ራሷ የመለሰችው ነው። ቡታጅራ ላይ ከ1986 ጀምሮ ቤት ለቤት እየተዞረ ልደትና ሞት ሲመዘገብ ኖሯል። እዚሁ ከእኛ በስተሰሜን፣ ከጎንደር አለፍ ብሎ ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። መዝገብና እግር ነው የፈጀው። ሆስፒታል ይሠራ፣ አዎ፣ ማን ይጠላል? ግን የት ይሠራ፣ ለየትኛው በሽታ፣ ስንት አልጋ የሚለውን ያለ መዝገብ መገመት ነው።

እኔ ከጸሐፊው ጋር የምጣላው ፍራሚንግሃምን ስለተቹ አይደለም። የእነሱን ቁጥር አንውሰድ ካሉ ልክ ናቸው፣ የራሳችንን እንሥራ። ቡናውን በጨው የሚጠጣው የገጠር ሰው፣ ከደሴት ወጥቶ ከተማ የገባው፣ ከብስክሌት ወደ ባጃጅ የዞረው፣ ሁለት መቶ ቀን የሚጾመው ሰው ግፊቱ በሃያ ዓመት ውስጥ ምን ይሆናል? ይኼን ማሳቹሴትስ ሊመልስልን አይችልም። የእኔ ጥያቄ ጸሐፊው ለምን እዚህ ሳይደርሱ ቆሙ የሚል ነው።

ስለ ሩማቲክ ልብ በሽታ ብቻውን ቢጽፉ ደግሞ መጀመሪያ የማጋራው እኔ ነኝ። የዘጌው አባትም ለግፊታቸው አምሎዲፒን ታዞላቸው መውሰድ ጀምረዋል። «አሁንም ምንም አያመኝም» ይላሉ፤ ቀጠሯቸውን ግን አይዘሉም።